ባዶ ምንጣፍ አይሣልም

በእኛ አገር በአፍ የተነገረ ወሬ የሚያምን ሰው የለም። ክልክል ስለሆነ አይደለም፤ ልማዱ ስለሌለ ነው። ጎረቤትህ ቤቴ ተቃጠለ ብሎ እየጮኸ ቢመጣብህ፣ “አይዞህ፣ እስቲ ቅዳሜ ይድረስና እናያለን” ብለህ አጽናንተህ ትሸኘዋለህ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያው በር ላይ ትልቁ ሸራ ይሰቀላል። የሳምንቱ ወሬ ሁሉ እዚያ ላይ ተሥሎ ይወጣል። የጎረቤትህ ቤት ሸራው ላይ ሲነድ ካየህ ባልዲህን ይዘህ ትሮጣለህ፤ ካላየህ ደግሞ “ሰውዬው ምን ነካው?” ብለህ ታዝንለታለህ። ሸራው ፀሐይ ካሳየ፣ ዝናብ ቢወርድም ዣንጥላ የሚዘረጋ ጨዋ ሰው አይገኝም። እኔ ራሴ ስንቴ በስብሼ ቤቴ ገብቻለሁ።

ሸራውን የሚሥሉት የሸራ ቤት ሠዓሊዎች ናቸው። አሣሣላቸው ጥንት ግድግዳ ይሥሉ ከነበሩ አባቶች የወረደ ነው። ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን አፉን ያልፈታ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ስለዚህ ሸራው ሲሰቀል ማንም “ነገሩ እንዴት ነው?” ብሎ አይጠይቅም። ዓይን ይቆጥርና ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል።

ከሠዓሊዎቹ መካከል ዘውገ የሚባል ነበር። እጁ የተባረከ፣ አንደበቱ ግን የታሰረ ሰው ነው። ሲያሞግሱት ይሽኮረመማል፣ ሲቆጡትም ይሽኮረመማል። እናትና አባቱ ቶሎ ስለሞቱበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ትርንጎ ናት። ትርንጎ በርበሬ ወቅጣ የምትሸጥ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ስትስቅ ሠፈሩ ሁሉ የሚሰማት ሴት ነበረች። ዘውገ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሥዕል የሣለው ከእሷ ቁና በሰረቀው በርበሬ ነው። በውሃ በጥብጦ ግድግዳዋ ላይ አውራ ዶሮ ሣለበትና በዚያው እጁ ዓይኑን አሸ። ትርንጎ የሚንፈራገጠውን ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ዓይኑን በወተት እያጠበች፣ “በቃ ዝም በል፤ ዶሮህ ግን ያምራል” አለችው። ዘውገ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሙገሳ ሰምቷል፤ የሚያስታውሰው ግን ያንን ነው።

ትርንጎ ባሏ ሞቶባታል። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ታላቁ አበጀ፣ ታናሹ ይሁኔ ይባላሉ። በአገራችን ልማድ ልጅ ከእናቱ ጎን ተለይቶ መተኛት ሲጀምር እናትየው በገዛ እጇ የሰሌን ምንጣፍ ትሠራለታለች። አግብቶ ጎጆ እስኪወጣ ድረስ የሚተኛው እዚያው ላይ ነው። ትርንጎም ለሁለቱም ሠርታላቸው ነበር።

የአገራችን ዳርቻ ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ ሌላ አገር አለ። ጦርነቱ የተጀመረው በስድብ ነው። የእኛ ሰዎች አፋፉ ላይ ወጥተው ማዶኞቹን ሲሰድቡ፣ ማዶኞቹ ያንኑ ስድብ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ይመልሱላቸው ነበር። ድምፃቸውን እንኳ እንደ እኛ ያስመስሉታል። ይህን ያህል ንቀት ችሎ የሚቀመጥ አገር የለምና ወጣቶቻችን በገመድ እየተንጠለጠሉ ወደ ገደሉ መውረድ ጀመሩ። ሲወርዱ አይተናል። ሲወጡ አየሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሸራው ላይ ግን በየሳምንቱ ያሸንፋሉ።

አበጀ በመጀመሪያው ሳምንት ከእኩዮቹ ጋር እየዘፈነ ወረደ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ የቤቱ ጥግ ቆሞ ቀረ። ዘፍኖ የሚወርድ እያነሰ ሲመጣ ሌላ ሥርዓት ወጣ። ወጣት በግድ አይወሰድም፤ እሱ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሸራው ላይ በፊተኛው ረድፍ፣ በሁለት ዓይኑ የተሣለ ሰው ግን ልጁን ወዶ እንደሰጠ ይቆጠራል። በማግስቱ ከበሮ እየተመታ ቤቱ ድረስ ይኬድና ልጁን በክብር ይረከቡታል። ከኋላ ረድፍ የተሣሉት ተመልካቾች ናቸው፤ እነሱን ማንም አይጠይቃቸውም።

አንድ ማክሰኞ ትርንጎ የአበጀን ምንጣፍ ራሷ ላይ ተሸክማ ወጣች። ለሌሎች እናቶች አስቀድማ ነግራቸው ነበርና እነሱም የየልጆቻቸውን ተሸክመው ተከተሏት። አፋፉ ላይ ያለው ሜዳ ሲደርሱ ምንጣፎቹን ጎን ለጎን ዘረጓቸው። ሜዳው ሞላ። ማንም አልተኛባቸውም፣ ማንም አልተቀመጠባቸውም፤ እናቶቹ በየምንጣፋቸው ራስጌ ቆሙ። አንዳንዱ ምንጣፍ መሐሉ ላይ፣ ልጁ ለዓመታት የተኛበት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል። ከዚያ ትርንጎ በዚያ ጎርናና ድምፅዋ፣ “ጦርነቱ ይብቃ! ልጆቻችንን መልሱልን!” ብላ ጮኸች። ሁሉም ተቀበሏት። ከማዶ፣ “ልጆቻችንን መልሱልን!” የሚል ድምፅ ተመለሰ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ትርንጎ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ “ያ ድምፅ የእኔ አይደለም፤ እዚያም ያለቀሰች ሴት አለች” እያለች ትምል ነበር።

ከሜዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ የሠፈር ሹማምንት ምሳ አለ ብለው ያመጧቸው ጥቂት ወንዶች ከበሮ እየደለቁ “ግፋ በለው!” ይላሉ። ምሳው ስለዘገየ ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር።

ዘውገ በሜዳው ጎን ቆሞ በከሰል ይነድፋል። ሠዓሊ ለሚሥለው ሰው ሰላምታ መስጠት ስለማይፈቀድለት እህቱን እንዳላየ ሆነ። እሷ ግን አይታው ደስ አላት። “የእኛ ዘውገ አለ!” አለቻቸው ሴቶቹን፤ “ቅዳሜ አገሩ ሁሉ ምንጣፎቹን ያያል። እነዚህን አይቶ ማን ልጁን ይሰጣል?” የምትፈራው ለይሁኔ ነው። ይሁኔ አናጢ ነው፤ ጺሙ ገና ያቀመቀመ፣ እንጨት ሲልግ የሚያፏጭ ልጅ። እኩዮቹ አንድ በአንድ እየወረዱ ነበር።

የሸራ ቤቱ ሹም ደግ ሰው ናቸው። ሠራተኛ ላይ ጮኸው አያውቁም። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ፤ የሚያነጋግሩትን ሰው ሁሉ ሳያካፍሉ አይጀምሩም። ለዘውገም ዘገኑለትና ንድፉን ጎንበስ ብለው አዩ።

“ዘውገ፣ ልጄ፣ እነዚህን ሴቶች ስንት ዓይን ሰጠሃቸው?”

“ሁለት ሁለት ጌታዬ። ያላቸው ሁለት ነው።”

“ማን የላቸውም አለ? ግን ወዴት ዞረው ነበር የቆሙት?”

“ወደ ገደሉ።”

“አንተስ የት ነበርክ?”

“ከጎናቸው።”

“ታዲያ ከጎን ለቆመ ሰው ስንት ዓይን ይታየዋል?”

ዘውገ አሰበ። “አንድ” አለ።

“እኔ እኮ ውሸት ሣል አላልኩህም” አሉ ሹሙ ትከሻውን መታ እያደረጉ። “ያየኸውን ሣል ነው የምልህ።”

“ከበሮ የሚመቱትም ወደ ገደሉ ነው የዞሩት ጌታዬ።”

“እነሱ በልባቸው ወደ እኛ ዞረዋል። ደግሞ እንዲህ ጥቂት አታድርጋቸው፤ ሰው ያዝንላቸዋል። አብዛቸው።” ከዚያ ጣታቸውን ምንጣፎቹ ላይ አሳረፉ። “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ምንጣፍ ነው።”

“ማን ተኝቶበታል?”

“ማንም። ባዶ ነው።”

ሹሙ ከልባቸው አዘኑ። “ባዶ ነገር አይሣልም ዘውገ። ሰው ሸራውን የሚያየው የሆነውን ለማወቅ ነው፤ የሌለውን ነገር ብታሳየው ምን ያደርግለታል? ምንጣፍ ካለ የተኛበት ሰው አለ። ፈልገህ አስተኛበት።”

ዘውገ ሄዶ አስተኛበት። በየምንጣፉ ላይ ሆዱ የተነፋ፣ አፉን የከፈተ ሰው፣ አጠገቡ የወደቀ የጠላ ቅል ሣለ። እናቶቹን በጎን አቆማቸው። ትርንጎን ግን እጁ እምቢ አለውና ጀርባዋን ሰጥታ እንድትቆም አደረጋት። ሹሙ አይተው፣ “ዓይን የሌለው ሰው ሸራ ላይ አይወጣም፤ ተመልካች ግራ ይጋባል” አሉት። ስለዚህ እሷንም በጎን አዞራት። አፍንጫዋን በጣም ተጠንቅቆ ነው የሣለው፤ አንዱ ዓይኗ ደግሞ በትክክል የራሷ ዓይን ነበር።

ቅዳሜ ሸራው ተሰቀለ። ሰው ዓይን ቆጠረ። “የሰው ልጅ ገደል ገብቶ እየተዋጋ እነዚህ ጠጥተው ይተኛሉ!” አሉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየወዘወዙ። ሚስታቸው ማክሰኞ ዕለት ምንጣፍ ተሸክማ የወጣች ነበረች። አጠገባቸው ቆማ ሸራውን ትኩር ብላ አየችና፣ “እኔ እንኳ የተኛ ሰው አላየሁም ነበር” አለች። “ቆመሽ ነበራ!” አሏት። ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ወደ ሽንኩርቱ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ከሸራው ፊት ለፊት የዓይን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተከፈተ። በአንድ ዓይን የተሣሉ ሰዎች ቀርበው እንዲመዘገቡ ታዘዘ። ትርንጎ ተሰልፋ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል ጠየቃት።

“ስንት ዓይን?”

“ሁለት። ይኸው!”

ጸሐፊው አንገቱን አስግጎ በእሷ ትከሻ ላይ ሸራውን አየ። “አንድ ነው የሚለው።”

“ወደ እኔ እየኝ እንጂ ልጄ!”

“እማማ፣ እርስዎን የማየት ሥልጣን የለኝም። ሁለተኛውን ከየት አመጡት?”

“ተወልጄበት ነዋ! ከየት አመጣዋለሁ?”

“ይጣራል” አለ ጸሐፊው በትሕትና። ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ትርፉ ዓይን እንዲታሰር ጥቁር ጨርቅ ሰጣት። የትኛው ትርፍ እንደሆነ ሸራውን አይቶ ራሱ ነገራት፤ ያልተሣለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ በርበሬ ስትወቅጥ ዘነዘናው ሙቀጫውን እየሳተ እጇን ይመታት ጀመር። ገበያ ውስጥ ሰው በታሰረው ዓይኗ በኩል ያልፋታል። ከሁሉ የከፋባት ግን የጓደኞቿ ነገር ነው። አንዷ ጨርቋን ጠበቅ አድርጋ እያሰረች፣ “እውነቱን ልንገርሽ፣ ድሮም በዚህኛው ብዙ አላይም ነበር” አለቻት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ወንድሟ ቤት መጣች። ዘውገ በሩን ሲከፍትላት ጨርቁን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እሷ ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

“ያቺ በጎን ያለችው እኔ ነኝ?”

“አንቺ ነሽ እትዬ።”

“አፍንጫዬን አሳምረኸዋል።”

ዘውገ ማልቀስ ጀመረ። “ታዝዤ ነው እትዬ…”

“ተው በል፣ አታልቅስብኝ። ስለ ዓይኔ አልመጣሁም፤ በአንዱም እወቅጣለሁ። የመጣሁት ስለ ምንጣፉ ነው። የአበጀ ምንጣፍ ላይ ሰካራም አስተኛህበት አንተ? አበጀ ጠጥቶ ያውቃል? የተኛበት ጎድጓዳ እንኳ ገና አልሞላም እኮ።”

“ባዶ አይሣልም እትዬ። አይቻልም።”

“ለምን አይቻልም?”

“እንጃ። ለባዶ የሚሆን ቀለም የለም።”

“ስማኝ ወንድሜ። ይሁኔ ነው የቀረኝ። ሰው ምንጣፎቹን ባዶአቸውን ካየ ይገባዋል፤ ሌላ መላ የለኝም። በሚመጣው ማክሰኞ እንደገና እንወጣለን። እኔን ከፈለግህ ጭራሽ አትሣለኝ፤ ካለሁበት አውጣኝ። ምንጣፉን ግን ባዶውን ሣልልኝ። ከአንተ ሌላ ነገር ለምኜ አውቃለሁ?”

“አታውቂም” አለ ዘውገ።

ማክሰኞ ወጡ። ቁጥራቸው አንሷል፤ ግማሾቹ፣ ትርፍ ዓይናቸው ተጣርቶ ሳይመለስ ሌላ ነገር ውስጥ መግባት ፈርተው ቀርተዋል። የአበጀን ምንጣፍ ዘበኞች ባለፈው ሳምንት ወስደውባት ስለነበር ትርንጎ የይሁኔን ይዛ ነው የወጣችው። ዘረጋችው፣ ጮኸች፤ ከማዶም ጮኸችላት፣ ያቺ ሴት። ዘውገ ከጎን ቆሞ ነደፈ። የሚታየው ጥቁሩ ጨርቅ ብቻ ነበር። ምንጣፉን አላስተዋለውም። እህቱ ዓይኗን ተቀምታ፣ የቀማት ደግሞ እሱ ሆኖ፣ ሌላ ነገር ሊያስብ አልቻለም።

ሸራ ቤት ተመልሶ ያደረገውን ያደረገው በፍቅር ነው። ከበሮ በሚመቱት ሰዎች መሐል፣ በኋለኛው ረድፍ፣ ከአንድ ረዥም ሰው ትከሻ በስተጀርባ ትርንጎን በሁለት ዓይኗ ሣላት። ከኋላ ያለ ሰው ተመልካች ነው፤ ማንም አይጠይቃትም፤ ዓይኗ ግን ይመለስላታል። እሱ ያሰበው ይህን ብቻ ነበር።

ሹሙ ቆሎ ዘግነውለት ሸራውን አዩ። “ይቺ ከኋላ የምታጮልቀው ሴት ማን ናት?”

ዘውገ ቆሎውን ወደ ኪሱ ከተተ። “እህቴ ናት ጌታዬ።”

“እህትህ! ታዲያ ለምን አስቀድመህ አትነግረኝም? ሰው እህቱን ከሰው ጀርባ ይደብቃል እንዴ? ወደ ፊት አምጣት!”

“ጌታዬ፣ ልጅ አላት።”

“ልጅ የሌለውማ ምን ሊሰጥ ፊት ይወጣል?”

“እሷ የቆመችው ከዚያኛው ወገን ነው። ምንጣፍ ይዛ።”

“አውቃለሁ” አሉ ሹሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “እኔ አላስገድድህም ልጄ፣ ምርጫው የአንተ ነው። ከዚያ ወገን ካደረግሃት ግን ሁለተኛዋ ነው። ሁለተኛ ጊዜ በአንድ ዓይን የተሣለ ሰው የቀረው ዓይኑም እንደሚታሰር ሰምተሃል። በርበሬ ነጋዴ አይደለች? ሁለቱም ታስረው እንዴት ትሠራለች? እኔ ለእሷ አስቤ ነው።”

ዘውገ ብሩሹን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ሹሙ ጠበቁት፤ አላጣደፉትም።

“ምንጣፉንስ?” አለ በመጨረሻ።

“ተዋት፣ ትያዘው። ጠቅልላ ብብቷ ሥር ታድርገው። እናት ለዘማች ልጇ ምንጣፍ ይዛ ስትመጣ እንዴት ደስ ይላል! አንድ እጇን ከፍ አድርግልኝ ብቻ።”

ዘውገ ሣላት። ያን ያህል ያማረ ፊት ከሸራ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ይህን ሁላችንም መስክረናል። ሁለቱ ዓይኖቿ ቁልጭ ብለው ገበያውን ሁሉ ያያሉ። “ጭራሽ አትሣለኝ፤ ካለሁበት አውጣኝ” ብላው እንደነበር ያስታወሰው ሸራው ከተሰቀለ በኋላ ነው። የሸራው መስቀያ እንጨት ሥር ቆሞ ጭንቅላቱን በእጁ ሲመታ ያዩት ሰዎች በሥራው የተደሰተ መስሏቸው አጨበጨቡለት።

ትርንጎ ዘነዘናው የመታው እጇ አብጦ ያን ቅዳሜ ገበያ አልወጣችም ነበር፤ እሑድ ጠዋት ከበሮው ደጃፏ መጣ። የከበሮው አለቃ መጀመሪያ እጅ ነሣና ጥቁሩን ጨርቅ በክብር ፈታላት። ትርንጎ ብርሃኑ ከብዷት ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች፣ “ተጣራ እንዴ?” አለች። ደስ ብሏት ነበር። እንዲያውም ሳቀች።

“ልጁስ?” አለ አለቃው።

“የምን ልጅ?”

“የሰጡን ነዋ።”

“እኔ? ማንን ነው የሰጠሁት?”

“እማማ፣ አይቀልዱ። ምንጣፉን ራስዎ ይዘውለት መጥተው የለም እንዴ? እጅዎን አንስተዋል። አገር አይቶዎታል።”

“ሸራው ይዋሻል! ሠዓሊው ወንድሜ ነው፣ ጠይቁት! ይንገራችሁ!”

“የሣለው እሱ መሆኑን እናውቃለን” አለ አለቃው በአክብሮት። “ወንድም እህቱን ይስታታል?”

ይሁኔ መላጊያውን እንደያዘ ከጓሮ ብቅ አለ። አላፏጨም። እናቱን አየት አድርጎ፣ “እማዬ፣ እውነት ነው እንዴ?” አላት።

“ምኑ? አንተ ልጅ፣ ምኑ ነው እውነት?”

“ትናንት ሸራው ላይ አይቼሻለሁ እኮ” አላት። አልተቆጣትም። እንዲህ አድርጋ ከሆነ ምክንያት ይኖራታል ብሎ ያሰበ ይመስል ነበር። ቤት ገብቶ ምንጣፉን ጠቅልሎ ወጣ።

ትርንጎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ ጮኸች፣ ምንጣፉን ያዘች፣ መሬት ለመሬት ተጎተተች። ከበሮ መቺዎቹ የእናት ምርቃት መስሏቸው ምታቸውን አሞቁት። አንድ ዓይናቸው የታሰረ ጓደኞቿ በየደጃፋቸው ቆመው ያዩ ነበር። አንዷ፣ “ለካ እንዲህ ናት” ብላ ገብታ በሯን ዘጋች። ከሰዓት በኋላ ይሁኔ ምንጣፉን ጀርባው ላይ አስሮ በገመዱ ወረደ። ጭንቅላቱ ከአፋፉ በታች እስኪሰወር ድረስ ወደ ላይ ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትርንጎ በየቀኑ ብቻዋን ሜዳው ላይ ትወጣ ጀመር። የምትዘረጋው ምንጣፍ የላትም፤ አፈሩ ላይ ትጋደማለች። “አበጀ! ይሁኔ!” እያለች ትጣራለች። ከማዶ ያቺ ሴት ትመልስላታለች። ሌሎቹ እናቶች አልመጡም፤ ባለ ሁለት ዓይን ከሆነች ሴት ጋር መታየት አሳፍሯቸው ነበር።

ሹሙ ዘውገን ጠሩት። “አፋፉ ላይ ምን አለ ዛሬ?”

“እህቴ አለች።”

“አንድ ሰው ሰልፍ አይባልም ልጄ። ሌላስ?”

“ሌላ ምንም የለም። ሜዳው ነው።”

“እንግዲያው ሜዳውን ሣልልን። ሰው ደክሞታል፣ ትንሽ ዓይኑን ያሳርፍበት። ሰማዩን አሳምረው።”

ዘውገ ሜዳውን ሣለ። ሰማዩን አሳመረው። ሣሩ ላይ የሰው ዱካ እንኳ አልነበረም። ሠርቶ ሲጨርስ፣ ቢያንስ ጭራሽ አትሣለኝ ያለችኝን ፈጸምኩ ብሎ ራሱን ለማጽናናት ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ብሩሾቹን ሳያጥብ ተቀምጦ ዋለ።

ቅዳሜ ዕለት ሸራው ሲሰቀል ሰው ሁሉ እፎይ አለ። የሚቆጠር ዓይን አልነበረም። “አየህ፣ ጸጥ ሲል ደስ አይልም?” ይባባሉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሜዳው የሚያልፉ ሰዎች የተጋደመችውን ሴት ማየት ተዉ። አንዳንዱ እግሩ ሲያደናቅፈው ዘወር ብሎ መሬቱን ያያል፣ ጫማውን ያራግፋል፣ ይሄዳል። ባለጌ ሆነው አይደለም። ሸራው ሜዳው ባዶ ነው ብሏል።

በዚያው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ትርንጎ ራሷ ገበያ መጣች። ልብሷ አፈር በአፈር ሆኖ ነበር። ዘውገ ሸራው ሥር ቆሟል። “እትዬ” አላት፤ አልመለሰችለትም። ሁለቱን ዓይኖቿን ከፍታ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። ራሷን፣ ልጆቿን፣ ምንጣፎቹን ትፈልግ እንደነበር ያስታውቃል። ሲበቃት ወደ ወንድሟ ዞረች። አልጮኸችበትም። ያኔ የዶሮውን ሥዕል ባሞገሰችበት ድምፅ ነው የተናገረችው።

“ባዶ መሣል ታውቅ ኖሯል ለካ” አለችው።

እኔ አጠገባቸው ሽንኩርት እየመረጥኩ ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ያለችውን ሸራው ላይ ፈለግኩት፤ የለም።